ባዶ ጀሪካን የተሸከመችው ልጅ

«ይድረስ ለእትዬ። የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው። ዕድሜዬ 29 ነው። ጠዋት ጠዋት መዋዕለ ሕፃናት አስተምራለሁ። የ3 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ማታ እሱ ሲተኛልኝ ለልጆች መጽሐፍ ሥዕል እሠራለሁ። እስካሁን ሁለት መጽሐፍ ወጥቶልኛል። ሦስተኛው ላይ ተሰናከልኩ። ታሪኩ ውሃ ልትቀዳ ስለወጣች የገጠር ልጅ ነው። 24 ሥዕል አለው። ዘጠኙን ሠርቼ ስልክለት አርታዒው ‹ሥዕሎችሽ ያምራሉ፣ ግን ሰው አይኖርባቸውም› አለኝ። ሦስት ቀን አለቀስኩ። አማቴ አብረውን ነው የሚኖሩት፤ ‹ጫር ጫር ማድረግ እንጀራ ሆኖ አያውቅም› ይሉኛል። ባለቤቴ ‹መብራቱን አጥፊው› ከማለት በቀር ምንም አይልም። ለሁሉም የሚከፈለኝ 18,000 ብር ነው፣ አራት ወር ይፈጅብኛል። ማስተማሩን ትቼ ሙሉ ቀን ብስል ይሻላል? ወይስ አዲስ አበባ ልግባ? እዚህ ሆኜ ማን ያየኛል? ከሠራኋቸው አንዱን ልኬልዎታለሁ። የማታ እርሳስ ነኝ።»

የማታ እርሳስ፣ አብሽሪ።

ሦስት ቀን ማልቀስ በዚህ ሥራ ብዙ አይደለም። እኔ አንዴ ሳምንት ሙሉ አልቅሻለሁ፤ ኋላ እነግርሻለሁ። ደግሞ «እርስዎ» ማለቱን ተይው። እትዬ ካልሽኝ ይበቃል፤ ገና ከዘራ አልያዝኩም።

የላክሽውን ሥዕል በስልኬ አየሁት፣ በኮምፒዩተርም አየሁት። ከዚያ ወረቀት ላይ አትሜ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩትና ቡና እያፈላሁ አየሁት። ልጅቷ ወንዝ ዳር ቆማለች። ቢጫ ጀሪካን ይዛለች። ከኋላዋ አረንጓዴ ኮረብታ፣ ኮረብታው ላይ ጎጆ፣ ጎጆው ላይ ጢስ። ታች ጥግ ላይ አንድ እግሯን አንስታ የቆመች ዶሮ አለች። የቀለም አያያዝሽ ደስ ይላል። እጅሽም ጎበዝ ነው። ግን እውነቱን ልንገርሽ፤ አርታዒሽ አልተሳሳተም። ለስለስ አድርጎ ሊለው ይችል ነበር፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ለምን እንዳልተሳሳተ እንዲገባሽ የራሴን ጉድ ላውራሽ።

የመጀመሪያ መጽሐፌን ስሠራ እኔም ውሃ የምትቀዳ ልጅ ስዬ ነበር። (በነገራችን ላይ፣ ውሃ የምትቀዳ ልጅ የሌለችበት የልጆች መጽሐፍ ብታገኚ ላኪልኝ። ለደራሲዎቻችን ይህን ሌላ ቀን እነግራቸዋለሁ።) ሥዕሎቹን ጨረስኩ። በራሴ ደስ ብሎኛል። ደሴ ሰፈራችን ውስጥ በራፍ ላይ ልጆች ሰብስቤ አሳየኋቸው። አንዱ፣ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ጣቱን ጀሪካኑ ላይ አድርጎ «ባዶ ነው» አለኝ።

«አይ፣ ሞልታዋለች። ከወንዝ እየተመለሰች እኮ ነው» አልኩት።

«ባዶ ነው» አለ ደግሞ።

እንዴት አወቅህ ስለው ተነስቶ አሳየኝ። መጀመሪያ እንደኔዋ ልጅ ቀጥ ብሎ፣ አንገቱን አቅንቶ፣ ሽርሽር እንደወጣ ሰው ሄደ። ከዚያ «ውሃ ሲኖረው እንዲህ ነው» አለና ወገቡን ወደ ግራ ሰበረ። ባዶ እጁን ወደ ጎን ዘረጋ። ሦስት እርምጃ ሄዶ የሌለውን ጀሪካን መሬት አስቀመጠ፣ እጁን አራገፈ፣ እጅ ቀይሮ አነሳ።

ተናደድኩ። በአምስት ዓመት ልጅ መናደድ ያሳፍራል፣ ግን ተናደድኩ። በማግስቱ ጠዋት ቦኖ ውሃ ሄጄ ቆምኩ። ሃያ ሊትር ውሃ ሃያ ኪሎ ነው። ይህን ማንም ያውቀዋል። ሃያ ኪሎ የልጅን ሰውነት ምን እንደሚያደርገው ግን ልብ ብዬ አይቼ አላውቅም ነበር። በገመድ አስራ በጀርባዋ ያዘለችው አንገቷ ቀድሟት ይሄዳል። ሰው ሲጠራት ፊቷን ብቻ አታዞርም፤ መላ ሰውነቷን ነው የምታዞረው። ሁለት ሆነው የያዙት እየተጨቃጨቁ ነው የሚሄዱት፣ ምክንያቱም ክብደቱ አጭሯ ላይ ያጋድላል። ክዳኑ የጠፋ ጀሪካን አፉ ላይ ፌስታል ይወተፋል። ሁሉም እግራቸው ርጥብ ነው። ቀኝ ጫማቸው ከግራው ይበልጥ የረጠበ አሉ፤ ለምን እንደሆነ ለማወቅ ሌላ ጠዋት ፈጀብኝ። ውሃው በሚይዙበት እጅ በኩል ነው የሚፈሰው።

አሁን ወዳንቺ ልጅ። ጀሪካኑን በሁለት ጣት ነው የያዘችው። ለሠርግ የተያዘ ቦርሳ ይመስላል። ጸጉሯ በነፋስ ይበራል። ቀሚሷ ደረቅ ነው። ጎጆው ደግሞ ጢስ ማውጫ አለው! የኛ ጎጆ ጢስ ማውጫ የለውም። ጠዋት እሳት ሲነድ ጢሱ በሣር ክዳኑ በሙሉ እየሰረገ ነው የሚወጣው፤ ከሩቅ ሲያዩት ጣሪያው ራሱ የሚተነፍስ ይመስላል። ኮረብታሽም የኛ ኮረብታ አይደለም። ኮምቦልቻ ላይ ቀና ስትዪ እርከን ታያለሽ፣ ቁልቋል ታያለሽ፣ ባህር ዛፍ ታያለሽ፣ በወቅቱ ማሽላ ታያለሽ። በየቀኑ የምታይው ይሄ ነው። ስትስዪ ግን ያየሽው ስልክሽን ይመስለኛል። ፒንተረስት ላይ «የገጠር ልጅ» ብለሽ ፈልገሽ ይሆናል። አልፈርድብሽም። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ ደክሞሽ ምን ታደርጊ።

ግን ልብ በይ። አንቺ የምትጠይቂኝ ከኑሮዬ ላይ ለሥዕል ጊዜ እንዴት ልስረቅ ብለሽ ነው። ሥዕልሽ የሚጠይቅሽ ደግሞ ያንኑ ኑሮሽን ነው።

ሥራ ልልቀቅ ወይ ላልሽው መልሴ አጭር ነው፤ አሁን አትልቀቂ። 18,000 ብር ለአራት ወር ሲካፈል በወር 4,500 ነው። ከሱ ላይ ኢንተርኔቱን፣ ወረቀቱን ቀንሺ። ለቤት ኪራይ ያግዛል እንጂ ደሞዝ አይሆንም። ሙሉ ቀን ብትስዪ በሁለት ወር ትጨርሺው ይሆናል። በሦስተኛው ወርስ ማን ሥራ ይሰጥሻል? የልጆች መጽሐፍ ሥራ በየወሩ በር አያንኳኳም። እኔ ራሴ ብዙ ዓመት የኖርኩት የሱቅ ማስታወቂያ በመጻፍ ነው። የጸጉር ቤት በር ላይ ሹሩባ የተሠሩ ሴቶች ስያለሁ። የሥጋ ቤት በሬ ስያለሁ። በሬ መሳል ያስተማረኝ ማንም መምህር አይደለም፤ ባለ ሥጋ ቤቱ ነው። «ሻኛው አንሷል፣ ማን ይገዛዋል?» እያለ ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። ልክ ነበር። ዛሬ ለልጆች በሬ ስስል ያ ሻኛ አብሮኝ አለ።

አንቺ ደግሞ ከኔ በጣም የተሻለ ቦታ ነው ያለሽው። ጠዋት ጠዋት አንድ ክፍል ሙሉ ልጅ ፊትሽ ይቀመጣል። እኔ ለዚህ ስል ሰው በራፍ ላይ እንደ ሌባ እቆማለሁ። የጋዋንሽ ኪስ ውስጥ የምትገባ ትንሽ ደብተርና አጭር እርሳስ ያዢ። ክፍል ውስጥ ሥዕል ሥሪ አላልኩሽም፤ ልጆቹ ሲበሉ ሁለት ደቂቃ፣ ሲተኙ ሦስት ደቂቃ። ጫማውን ግራና ቀኝ አዘዋውሮ ያደረገው ልጅ እንዴት ይቆማል? ሊያለቅስ ያለ ልጅ ማልቀሱን ከመጀመሩ በፊት ከንፈሩ ምን ይሆናል? በመጀመሪያው ቀን ከእናቱ ነጠላ ሥር አንድ ዓይኑን ብቻ ያወጣው? ዴስክ ላይ እንቅልፍ የጣለው እጁ የት ይወድቃል? ፊት አትስዪ በመጀመሪያ። ጀርባ ሳይ። ልጅ በጀርባው ብዙ ያወራል።

አንድ የእጅ ሙያ ነገር ልጨምርልሽ። የሳልሻት ልጅ ልጅ ያልመሰለችው በቁመናዋም ምክንያት ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን ቁመቱ የጭንቅላቱ ርዝመት አራት እጥፍ ያህል ነው። የሦስት ዓመት ልጅ አምስት ገደማ። ትልቅ ሰው ሰባት፣ ሰባት ተኩል። ያንቺን ልጅ በማስመሪያ ለካኋት፣ ሰባት ሆነች። ትንሽ ሴትዮ ናት የሳልሽው። ልጅሽ ሲተኛልሽ በክር ለኪው። አይነቃም፣ ቢነቃም ይስቃል።

ዓይኗም አስቸግሮኛል። በጎን አቁመሻታል፣ የሚታየው አንድ ዓይኗ ብቻ ነው። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሣላል። ክፉው ነው በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው። ሃይማኖትሽን አላውቅም፣ ወሎ ላይ ደግሞ ሁላችንም የሁለቱንም ቤት እናውቃለን። እና አልዋሽሽም፣ መጀመሪያ ሳያት ይሁዳን ነው ያስታወሰችኝ። በጎን መሳል ኃጢአት ነው አላልኩም። ልጆች ግን ገጹን ሲከፍቱ መጀመሪያ የሚፈልጉት ዓይን ነው፤ ቀጥለው ያ ዓይን ወደሚያይበት ያያሉ። ልጅቷ የምታየው ወደ ባዶ ሰማይ ነው። ወደ መንገዱ ወይም ወደዚያች ዶሮ ብታይ፣ ልጆቹም አብረዋት ይሄዳሉ።

አዲስ አበባ ልግባ ወይ ላልሽው፣ ስንት ሰው ይህን ጠይቆኛል መሰለሽ። አሳታሚው የሚበዛው እዚያ ነው፣ አልክድም። ግን ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው፣ ፋይል ደግሞ በደቂቃ ይደርሳል። በዓመት ሁለቴ ሂጂ፣ ሥራሽን በእጅሽ ይዘሽ አሳታሚ ቤት አንኳኪ፣ ሻይ ጠጪ፣ ተመለሺ። የኪራዩ ገንዘብ እዚህ ይዋልልሽ። «ሥዕል ያለው እዚያ ነው» የሚለውን ግን አልቀበልም። ላስታ ውስጥ፣ ዋሻ ውስጥ ያለውን ይምርሐነ ክርስቶስን አይተሻል? የእንጨት ጣሪያው በእንስሳትና በአእዋፍ ሥዕል የተሞላ ነው። አንገቴ እስኪቆለመም ቀና ብዬ አይቼዋለሁ። ግማሹን እንስሳ አውቀዋለሁ፣ ግማሹ የትም አገር የለም። ላሊበላም ቤተ ማርያም ገብተሽ ወደ ላይ እዪ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ደግሞ የኢየሱስ ሞዐ ወንጌል የሚባል ሥዕል ያለው ብራና አለ፤ ከ700 ዓመት በላይ ሆኖታል። እሱን እኔ በፎቶ ነው ያየሁት፣ ገዳሙ ሴት አያስገባም። ከደሴ ሠላሳ ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ ሄጄ ከደጅ ተመልሻለሁ። ይቆጨኛል። እንግዲህ እነዚያ ሠዓሊዎች ማን ያየናል ብለው ቢቀመጡ ኖሮ እኛ ምን እናይ ነበር?

ወደ አማትሽ እንምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ከደብዳቤሽ ሁሉ ያሳሰበኝ ይሄ ነው።

ከሳቸው ጋር አትከራከሪ። በወር 4,500 ብር ስታስቢው እሳቸውም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። የኔ እናት «ልጄ ወረቀት ታቆሽሻለች» ነበር የምትለው፣ ለጎረቤት ሁሉ። መጽሐፉ ሲወጣ ግን በፌስታል ጠቅልላ ዕድር ይዛው ሄደች። እስክትሞት ድረስ ግን ጥሩ ነው አላለችኝም። «ወረቀቱ ወፍራም ነው» አለችኝ፣ በቃ።

አማትሽ በልጅነታቸው ውሃ በምን ይቀዱ እንደነበር ጠይቀሻቸው ታውቂያለሽ? ጀሪካን ሳይመጣ በፊት እንስራ ነበር። እንስራ ቢወድቅ ይሰበራል። ጀሪካን ቢወድቅ ይጋጫል እንጂ አይሰበርም። እንስራ የተሸከመች ልጅ አረማመዷ ሌላ ነው፣ ፍርሃቷም ሌላ ነው። ይሄንን የሚያውቅ ሰው ቤትሽ ውስጥ ተቀምጧል፣ አንቺ ስልክ ትፈልጊያለሽ! ቡና ሲፈላ፣ አቦሉ ላይ አይደለም፣ በረካው ላይ ጠይቂያቸው። ሰው በረካ ላይ ነው የሚፈታው። ልጅሽን ጭናቸው ላይ አስቀምጪና «ተረት ተረት» በያቸው። «የላም በረት» ካሉሽ ጨርሰሻል። እሳቸው ሲያወሩ አንቺ እጃቸውን ሳይ። ቡና ሲቆሉ ያ እጅ እንዴት እንደሚወዘውዘው፣ ስኒ ሲያለቀልቁ አውራ ጣታቸው የት እንደሚገባ። ደብተሩን አትደብቂያቸው። ማየታቸው አይቀርም። ምን እንደሚሉ አላውቅም፤ ምናልባት «አፍንጫዬን አተለቅሽው» ይሉሻል። ያ ጥሩ ምልክት ነው፣ ሥዕሉን አይተዋል ማለት ነው።

ባልሽን በተመለከተ ትንሽ ባለ ባትሪ የጠረጴዛ መብራት ግዢ። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። መብራት ሲሄድም ያገለግልሻል።

አሁን ያ ያልኩሽ የልቅሶ ሳምንት። አንድ መጽሐፍ ላይ የሌሊት ገጽ ሠራሁ። ጨረቃ፣ ጥቁር ሰማያዊ ተራራ፣ ሜዳ ላይ የተኙ በጎች። ስክሪን ላይ ያበራ ነበር፣ ራሴን አደነቅኩ። ከማተሚያ ቤት ሲመጣ ገጹ ሙሉ ጥቁር ነው። በጎቹ የሉም። ሁሉም ቅጂ ታትሞ አልቋል። ማተሚያ ቤቱ ናሙና አላሳየኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ስክሪን ከውስጡ ብርሃን አለው፣ ወረቀት የለውም። አንቺም የማታ ሠራተኛ ስለሆንሽ ቀለምሽ ይጨልማል፣ አይቼዋለሁ። ሁሌም አንድ ገጽ ፎቶ ኮፒ ቤት በቀለም አሳትሚና በቀን ብርሃን እዪው። የልጅቷን ፊት መጽሐፉ የሚታጠፍበት መሃል ላይ አታስቀምጪ፣ ይዋጣል። ከጠርዙ ውጪ ሦስት ሚሊ ሜትር ቀለም አስተርፊ፣ ሲቆረጥ ነጭ መስመር እንዳይቀር። በቴሌግራም ስትልኪም በፎቶ ሳይሆን በፋይል ላኪ፤ በፎቶ ከሆነ ይጨመቅና ጥራቱ ይወርዳል። የላክሽልኝ ሥዕል እንደዚያ ሆኖ ነው የመጣው።

ውልሽንም አንብቢው። አለሽ ወይ ውል? ደብዳቤሽ ላይ አልጠቀስሽም፣ ፈራሁልሽ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚባል ሕግ አለን። በሕይወት ሳለሽ፣ ከሞትሽም በኋላ 50 ዓመት ሥራሽ ይጠበቃል። ግን ወረቀት ላይ ካልተጻፈ ያሠራሽ ሰው ባለመብት ሊሆን ይችላል። ስምሽ ሽፋኑ ላይ ይውጣ፣ ከደራሲው ስም ሥር። ስንት ጊዜ እንደምታስተካክዪ ይጻፍ፤ ሁለቴ በነፃ፣ ከዚያ በክፍያ። ድጋሚ ቢታተም ምን እንደሚደርስሽ ይጻፍ። ቅድሚያ ክፍያ ሳትቀበዪ አትጀምሪ። እኔ አንድ ሰው «ጀምሪው፣ አንተዋወቅም እንዴ?» ብሎኝ ሙሉ መጽሐፍ ሠርቼለታለሁ። አሁንም እንተዋወቃለን፣ ሰላም እንባባላለን። ብሩ የለም።

ስለ ደብተሩ አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ጥቅምት 2014 በጦርነቱ ከደሴ ስንወጣ የያዝኩት የልጆቹን ልብስና አንድ ፍላሽ ነው። የታተሙት ሥዕሎቼ ሁሉ ፍላሹ ውስጥ ነበሩ። ታኅሣሥ ውስጥ ስመለስ ትንንሾቹ ደብተሮቼ አልነበሩም። እሳት ማቀጣጠያ ሆነው ይሆናል፣ ማን ያውቃል። ሰው የሞተበት፣ ቤት የፈረሰበት ባለበት ስለ ደብተር ማዘኑ አሳፍሮኝ ለማንም አልተናገርኩም። ግን የአሥራ አንድ ዓመት የቦኖ ውሃ ልጆች እዚያ ውስጥ ነበሩ። በፍላሹ ያሉት ሥዕሎች አላጽናኑኝም። እነሱን ድጋሚ እሠራቸዋለሁ፤ እጁን ያራገፈውን ልጅ ግን ከየት አመጣዋለሁ? ስለዚህ ደብተርሽ በሞላ ቁጥር በስልክሽ ፎቶ እያነሳሽ የሆነ ቦታ አስቀምጪው።

ዘጠኙንም ሥዕል አትቅደጂ። አንዱን ብቻ፣ የላክሽልኝን፣ እንደገና ሥሪው። አርታዒሽ ሦስት ሳምንት ይስጥሽ፤ ካልሰጠ እኔ እደውልለታለሁ፣ ቁጥሩን ላኪልኝ። ከቻልሽ አንድ ሰኞ፣ የገበያ ቀን፣ ወደ ደሴ ውጪ። ሐረጎን ስትወጪ በመስኮት በኩል ተቀመጪ፤ ጉም ከሌለ ከገበያ የሚመለሱትን ታያቸዋለሽ፣ ሁሉም የሆነ ነገር ተሸክመዋል። አማትሽንም ይዘሻቸው ነይ።

ጎጆውን ለውጪው። ኮረብታውን ለውጪው። ልጅቷን አስጎንብሺያት፣ እግሯን አርጥቢው። ዶሮዋን ግን እንዳትነኪያት። እሷን ከስልክ አልቀዳሻትም፣ የጎረቤት ዶሮ ናት።